የልጆቻችን አማና በመኪናው የኋላ ወንበር

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በሚንበር ላይ እምብዛም የማይነሳ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተሰቤን ይዤ ለዒድ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ እየነዳሁ ነበር። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ አህያ ድንገት መንገድ ውስጥ ገባችና ፍሬን ያዝኩ። አህያዋም ተረፈች፣ መኪናውም አልተጋጨም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ግን ሆዷን ይዛ ጮኸች። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ቀበቶ አስራ ነበር። ይሁንና የላይኛው ማሰሪያ አንገቷን ስለከረከራት ከጀርባዋ አሳልፋዋለች። እኔም በመስታወት አይቼ «ታስራለች» ብዬ ዝም ብያለሁ። ፍሬኑ ሲያዝ ሰውነቷ ወደ ፊት ተንሸራተተ፤ የታችኛው ማሰሪያ ሽቅብ ወጥቶ ሆዷን ሰቅዞ ያዛት። አንድ ሌሊት በሐኪም ክትትል ስር አድረን፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተመለስን። ሐኪሙ «ጥፋቱ የቀበቶው አይደለም፤ ያረፈበት ቦታ ነው» ያሉኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወላጆች ሆይ! አሁን በመኪኖቻችን ያለውን ወገብንም ትከሻንም የሚይዝ ቀበቶ ኒልስ ቦሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ ኩባንያ የሠራው ነው። እጅግ ብዙ ነፍስ የዳነበት ታላቅ ሰበብ ነው። የተለካው ግን በአዋቂ ሰው አካል ነው። የአዋቂ ዳሌ አጥንት ጠንካራ ስለሆነ የግጭቱን ኃይል ይሸከማል። ትንሽ ልጅ ላይ ግን ቀበቶው ከዳሌ ወደ ሆድ ይወጣል። በሆድ ውስጥ ያሉት አንጀት፣ ጉበትና ጣፊያ ናቸው፤ ከኋላቸው ደግሞ አከርካሪ አለ። ሆድን ከፊት የሚከልል አጥንት የለም።

ታዲያ ቀበቶው ለልጃችን ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን? መኪናው ቆሞ ሳለ ልጁን ከኋላ አስቀምጠን አምስት ነገሮችን እንይ። አንደኛ፣ ጀርባው ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ይገጥማልን? ሁለተኛ፣ እንዲህ ተቀምጦ ጉልበቱ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ይታጠፋልን? እግሩስ ወለሉን ይረግጣልን? ሦስተኛ፣ የታችኛው ማሰሪያ ከሆዱ ዝቅ ብሎ በዳሌውና በጭኑ መነሻ ላይ ያርፋልን? አራተኛ፣ የላይኛው ማሰሪያ አንገቱን ሳይነካ በትከሻው መካከልና በደረቱ ላይ ያልፋልን? አምስተኛ፣ እስከ ጉዞው ፍጻሜ በዚህ ሁኔታ መቀመጥ ይችላልን? አንዱ እንኳ ከጎደለ ቀበቶው ብቻውን ለልጁ አልደረሰም ማለት ነው።

አብዛኞቹ ልጆች ለዚህ የሚደርሱት ቁመታቸው 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው፤ ይህም ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። እስከዚያ ድረስ መፍትሔው ቡስተር የሚባለው ከፍ ማድረጊያ የልጅ መቀመጫ ነው። ልጁን ከፍ ያደርገዋል፣ ቀበቶውንም በዳሌውና በትከሻው ላይ ይመራዋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ለልጆቹ ምን ላምጣ?» ሲለን ከጫማና ከአሻንጉሊት ይልቅ ይህንን ብንጠይቀው መልካም ነው። ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ግን አይተካውም፤ በግጭት ጊዜ ይጨመቃል፣ ይንሸራተታል። ቡስተር የትከሻ ማሰሪያ ባለው ቀበቶ እንጂ ወገብ ብቻ በሚይዘው አይሠራም። ማሰሪያውን በብብት ስር ወይም ከጀርባ ማሳለፍ፣ ሁለት ልጆችን በአንድ ቀበቶ ማሰር፣ ልጅን ታቅፎ መቀመጥ ሁሉ አደጋ ነው። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቦታቸው ከኋላ ይሁን። በወንበር ልብስ ስር የተቀበረ መቆለፊያ ካለም ዛሬውኑ ይውጣ።

አንዳንድ ወንድሞች «ቀደር ነው፣ አላህ ያለው ይሆናል» ይላሉ። በቀደር እናምናለን። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) የጠየቀው ሰው፣ አስሮ እንዲመካ መታዘዙን አንርሳ። ግመሉን በሰንበሌጥ ያሰረ ሰው አስሯል ይባላልን? እኔም ልጄን ያሰርኳት እንዲሁ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል ቀዳሚው ምክንያት የመንገድ አደጋ መሆኑን ገልጿል። ሰበቡን እያወቅን ከተውነው ይህ ተወኩል ሳይሆን ቸልተኝነት ነው።

ልጆቻችንን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በሶላት እንድናዛቸው ታዘናል። ሩኩዕ ላይ ጀርባቸው እንዲስተካከል፣ ሱጁድ ላይ ግንባራቸው መሬት እንዲነካ እየደጋገምን በትዕግሥት እናስተምራለን። ከሕፃን መቀመጫ የሚወጡት፣ ለአዋቂ ቀበቶ ግን ያልደረሱት በዚሁ ዕድሜ ነው። አቀማመጣቸውንም በዚያው ትዕግሥት እናስተካክል። «አንገቴን ይከረክረኛል» ሲሉ ችግሩን እየነገሩን ነውና አንቆጣቸው፤ እንስማቸው።

እንግዲህ ለጉዞ ስንነሳ ሞተር ከማስነሳታችን በፊት ወደ ኋላ ዞር ብለን የእያንዳንዱን ልጅ ዳሌና ትከሻ እንይ። ከዚያም የጉዞ ዱዓችንን ከልጆቻችን ጋር እናድርግ። አላህ (ሱ.ወ.) አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን፣ ተጓዦቻችንን በሰላም ያግባልን። አሚን።