በክረምት የወደቀውን ፈረስ ማንሣት

ለደጋፊ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የምንናገረው ስለ ምንጭ ማጎልበት ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም። በአዊ ደጋ፣ ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ተራራማ ቦታ፣ በክረምት ስለምናስጠጋቸው ፈረሶች ነው። ከእናንተ መካከል «ሰው በተቸገረበት አገር የእርዳታ ሥራ ከፈረስ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም አስቀድመን ራሳችንን የጠየቅነው ይህንኑ ነበር።

አዊ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመቱትን አርበኞችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ያስባል። ነገሥታቱ ራሳቸው በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። በጥር ፈረሱ ተሸልሞ፣ ሕዝቡ እልል እያለለት ሜዳውን ይዞረዋል።

በሐምሌ ግን ሌላ ነገር እናያለን። በዳንግላና በእንጅባራ መንገዶች ሰውና ጆንያ፣ ድንችና ከሰል ሲጎትት የኖረ የጋሪ ፈረስ እግሩ ሲሰበር ወይም ጀርባው ሲቆስል ገመዱ ይፈታለትና ይለቀቃል። ክፉ ባለቤት ስላለው ብቻ አይደለም። ባለጋሪው ለልጆቹ እንጀራ የሚያገኘው በዕለት ገቢው ነው፤ የማይሠራ ፈረስ መመገብ አይችልም። ፈረሱም በዝናብ ውስጥ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ሌሊት ጅብ እስኪመጣ ይጠብቃል። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። አድርሶን ሲያበቃ የት እንጥለዋለን?

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ቁጥር 5 ላይ፣ የሚጠላን ሰው አህያ እንኳ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብናገኝ አልፈን እንዳንሄድ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆነን እንድናነሣው ታዘናል። ልብ በሉ፤ ትእዛዙ እንስሳውን ከባለቤቱ ነጥለን እንድንወስድ አይልም። እንግዲህ የሥራችን መሠረት ይህ ነው፤ ፈረሱንም ሰውየውንም አብሮ ማንሣት።

ስለ ክረምቱ ጥቂት እንንገራችሁ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ጉሙ አይለይም። ከሩቅ ለሚያየው አገሩ ሁሉ ለምለም ነው። ነገር ግን ማሳው ስለተዘራ እንስሳ አይገባበትም፤ የግጦሹ ሜዳ ረግረግ ይሆናል፤ አዲሱ ሣር ውኃ የበዛበት ነው፤ በኅዳር የታጨደው ድርቆሽም አልቋል። ስለዚህ ፈረስ በለምለም አገር መካከል ይራባል።

የተራበ ፈረስ ሲመጣልን የመጀመሪያው ፈተና የእኛው ርኅራኄ ነው። አጥንቱ የወጣ እንስሳ ያየ ሰው ገብስ በቁና ሊያቀርብለት ይቸኩላል። ይህ ሊገድለው ይችላል። ለብዙ ጊዜ የተራበ ሆድ እህል በብዛት ሲገባበት ቁርጠት ይነሣል፤ ሰኮናውም ከውስጥ ይቃጠላል፤ ደሙም ይዛባል። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ውኃና ጥቂት ድርቆሽ በየሰዓቱ እንሰጠዋለን፤ በየቀኑ ቀስ እያልን እንጨምራለን። ቆይቶ ሲጠና ነው እህል በጥቂቱ የምናስቀምሰው። ጤነኛ የአገራችን ፈረስ ክብደቱ 200 ኪሎ ከሆነ በቀን 4 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ነገር ደረቅ መቆሚያ ነው። ግድግዳው ከቀርከሃ፣ ክዳኑ ከሣር የሆነ ጋጣ ሠርተናል፤ ወለሉን በድንጋይ ከፍ አድርገን ገለባ እናነጥፍበታለን፤ ጎርፉም በቦይ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ በጭቃ የቆመ ፈረስ የሰኮናው ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሽታውም ይታወቃል። በመሆኑም ማታ ማታ እግሩን አንሥተን ጭቃውን በእንጨት እንጠርጋለን፤ እናደርቃለን። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እናጥባለን። አስቸጋሪ ጥበብ የለውም፤ ሳይሰለቹ በየቀኑ መሥራት ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ በሽታን አስቀድሞ መከላከል ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ይተላለፋል፤ ዝናቡ ሊያበቃ ሲልና ካበቃ በኋላ ይበረታል። ዝንቦቹ የሚናከሱት ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ፀሐይ ሳትገባ ፈረሶቹን ወደ ጋጣ እናስገባለን። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል፤ በወቅቱ ማስከተብ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።

አሁን ስለ ራሳችን ስሕተት ልንነግራችሁ ይገባል፤ የተሳካልንን ብቻ ብንነግራችሁ እውነተኞች አንሆንም። አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ ከዳንግላ በኩል አንድ ዳማ ፈረስ ተመርቶ መጣልን። በአንገቱና በእግሮቹ ቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት ነበረበት፤ አንዳንዱም ፈንድቶ መግል ያወጣ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ መርምሮ፣ ይህ በሻጋታ ዘር የሚመጣ ተላላፊ በሽታ መሆኑን፣ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ እንደሚዛመት፣ መጀመሪያ ላይ ቢያዝ በመድኃኒት ሊድን እንደሚችል፣ የዚህ ግን እጅግ እንደዘገየ ነገረን። ከሥቃዩ እንዲያርፍ ማድረግ እንደሚሻል መከረን።

እኛ ግን እንቢ አልን። «ልናድነው ተቀብለን እንዴት እንገድለዋለን?» አልን። ጸለይን፤ ቁስሉን አጠብን፤ ከሌሎቹ ጎን አሰርነው። በአንዱ ብሩሽ ሁሉንም ጠረግን። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አንዲት ለማገገም የተቃረበች ባዝራ እግሯ ላይ ያው እብጠት ታየ። ያን ጊዜ ርኅራኄ የመሰለን ነገር እኛው ማዘን ስላልፈለግን የመጣ እንደ ነበረ ተረዳን። ዳማው በሐኪሙ እጅ ዐረፈ። ራሱን ይዘን እስከ መጨረሻው አጠገቡ ቆየን፤ ከዚያም በጥልቅ ቀበርነው። ባዝራዋን ለይተን ለብዙ ሳምንታት አሳከምናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በመጀመሪያው ስለተደረሰባት ዳነች። ከዚያ ወዲህ አዲስ የመጣ ፈረስ ሁሉ ለብቻው ይቆማል፤ ገመዱም ብሩሹም ለየራሱ ነው። ፍቅር ያለ እውቀት ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል የተማርነው በዚያች ባዝራ እግር ነው።

ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። የባዝራዋ ባለቤት የጋሪ ነጂ ነው። መጀመሪያ ሲያመጣት ቀና ብሎ አላየንም፤ አፍሮ ነበር። በየሳምንቱ እየመጣ ጋጣ ይጠርግ ጀመር። ልጓሟ ከግንባታ ብረት የተሠራና ምላሷን የሚቆርጥ መሆኑን፣ የናይለን ገመዱ ደረቷን የላጠው መሆኑን አብረን አየን። ብረቱን በለሰለሰ ልጓም፣ ገመዱን በጨርቅ በተጠቀለለ ሰፊ ጠፍር ለወጠው። በመስቀል ሰሞን ባዝራዋን ይዞ ተመለሰ፤ አሁን ጭነቱን ቀንሶ ይሠራባታል፤ ልጆቹም ከእርሷ ይበላሉ። ታዲያ የረዳነው ፈረስን ነው ወይስ ሰውን? እኛ መለየት አልቻልንም። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ቁጥር 10 የጻድቅ ሰው ጠባይ ለእንስሳው በሚያሳየው አያያዝ እንደሚታወቅ የተጻፈው በከንቱ አይደለም።

ሆኖም ሁሉን ልንቀበል አንችልም። ጋጣችን ጠባብ ነው፤ ድርቆሹም የተወሰነ ነው። አንዳንድ ቀን «ቦታ የለንም» ብለን የመለስነው ሰው ፊት በሌሊት ይታየናል። ለተቸገረ ቤተሰብ ከሚሰጠው እህልም ለፈረስ አንቀንስም፤ የፈረሶቹ መኖ ለብቻው የሚያዝ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ብዙዎቻችሁ ስጦታ የምትልኩልን በሐምሌ፣ ብርዱና ዝናቡ ሲበረታ ነው፤ ልባችሁን እናመሰግናለን። ግን በሐምሌ ድርቆሽ በገበያ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። የሚታጨደውና በርካሽ የሚገዛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የምትሰጡት ካላችሁ ያን ጊዜ ይድረሰን። በየአጥቢያችሁ ያላችሁ ገበሬዎችም ከምታጭዱት አንድ ሸክም ለይታችሁ ከምራችሁ አቆዩልን። የክረምት ምሕረት የሚዘጋጀው በበጋ ነው።

ጌታችን ሲወለድ የተኛው በእንስሳት ግርግም ነበር። ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን ድርቆሽ ወደ ግርግሙ ስንጨምር ይህን እናስባለን። ጸልዩልን፤ በተለይ ማንን እንደምንቀበል፣ ማንንስ እንደምናሰናብት ጥበብ እንዲሰጠን። እግዚአብሔር ቤታችሁንና በረታችሁን ይባርክ። አሜን።