ስኮርታ ጎማ ለሌለው መኪና ስኮርታ ስለ መግዛት ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ከሚገቡት አዳዲስ መኪናዎች ብዙዎቹ በስኮርታ ፈንታ የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ፈሳሹ የምስማር ቀዳዳ ይደፍን ይሆናል፤ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ግን ምንም አይፈይድም። እኔ ባለፈው ክረምት ሕመምተኛ እናቴን ይዤ ከደብረ ብርሃን ስመለስ ይኸው ደርሶብኝ መንገድ ላይ አድረናል።

እንግዲህ ስኮርታ ስትገዙ «ያው አምስት ቡሎን ነው» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክብ ስፋቱ 112 ሚሊ ሜትር የሆነም፣ 114.3 የሆነም አለ፤ ለዓይን አንድ ነው፣ አይገጥምም። የጎማው ቁመትና የመሸከም አቅሙም ይታይ፤ የኤሌክትሪክ መኪና እንደሆነ በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው። ጎሚስታው ዘንድ በፊትም በኋላም እግር አስገጥማችሁ ሞክሩ፣ ቸርኬው ፍሬኑን እንዳይነካ። ክሪክም ግዙ፤ ምልክት ባለበት ቦታ ብቻ ይግባ፣ ባትሪው ሥር በፍጹም!

ጎማው ከኋላ በደንብ ይታሰር። የኔ መኪና ደጅ ቆሟል፤ እንዴት እንዳሰርኩት ከስብሰባው በኋላ መጥታችሁ እዩ።