ዐራተኛ ፎቅ ስለሚወጣው ውሃ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ስለ ሩቅ አገር ታላላቅ ፈጠራ አይደለም። በአንድ ደረጃ ስለሚወጡና ስለሚወርዱ 20 ቤተ ሰቦች፣ በምድር ቤቱም ጥግ ስለ ተተከለች አንዲት የውሃ መግፊያ መኪና ነው። ጕዳዩ ትንሽ ነው የሚል ቢኖር፣ የቤቱ ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚንጠባጠብለትን ጎረቤቱን ይጠይቅ።

እኔ የምኖርበት የጋራ ሕንፃ፣ በተለምዶ ኮንዶሚኒየም የምንለው፣ ከምድር ቤቱ ጋራ 5 ደርብ፣ በየደርቡም 4 ቤት አለው። አሳንሰር የለውም። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣም ጊዜ ምድር ቤቱንና አንደኛውን ፎቅ አርክቶ ሁለተኛው ላይ ይደክም ነበር፤ ከዚያ በላይ የቧንቧው ትንፋሽ እንጂ ውሃው አይሰማም። ስለዚህ ገና ጎሕ ሳይቀድ ደረጃው በቢጫ ጀሪካን ይሞላል፤ የመሥሪያ ቤት ሰውም በክራባት ፈንታ ላብ ለብሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ክብደቱም 20 ኪሎ ነው። ይህን 12 ሜትር ያህል ከፍታ ተሸክሞ መውጣት ለጐልማሳ ድካም ነው፤ ለአዛውንት ግን የማይሞከር ነገር ነው።

በዐራተኛው ፎቅ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ይኖራሉ። አንድ ቀን ከሦስተኛው ፎቅ መሳቢያ ላይ አንዲት ትንሽ ጀሪካን አጠገባቸው አስቀምጠው ተቀምጠው አገኘኋቸው። «እትዬ፣ ምነው?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ይህን ደረጃ ድሮ ስቈጥረው 70 ነበር፤ አሁን ግን የበዛ መሰለኝ» አሉኝ። እኔም ጀሪካኗን ተቀብዬ ከቤታቸው አደረስሁላቸው። የቡናው ረከቦት ተሸፍኖ ጥግ ይዞ ነበር። ሳላስበው ዐይኔን ስለ ጣልሁበት ነው መሰለኝ፣ «ውሃ በመጣ ቀን ብቻ ነው የማፈላው፤ ሰው ጠርቶ ውሃ የለኝም ማለት ነውር ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ የውሃ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። እኒያ ሴት ከውሃው ጋራ ጎረቤታቸውንም አጥተው ነበርና።

ውሃ ለምን ወደ ላይ እንደማይወጣ ማወቅ ይገባል። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ውሃ የሚገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ የከርሰ ምድር ጕድጓዶች ነው። በቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ የሚወጣው ባለው ግፊት ልክ ነው፤ ዐሥር ሜትር ከፍ ለማለት አንድ ባር የሚባለውን ያህል ግፊት ይፈልጋል። ብዙ ቤት በአንድ ጊዜ ቧንቧውን ሲከፍት ግፊቱ ይወድቃል። ሌሊት ከተማው ሲተኛ ደግሞ ከፍ ይላል፤ ብዙዎቻችን በስምንት ሰዓት ሌሊት በባልዲ ድምፅ የምንነቃው ስለዚህ ነው። በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ ባመጣ ጊዜ፣ ውሃው ቍልቍል ወርዶ እንደ ገና ወደ ጕብታው መውጣቱ ለሕዝቡ ታላቅ መደነቂያ ነበር። ምስጢሩ ግን ከዚሁ የተለየ አልነበረም፤ ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ስለ ሆነ የራሱ ክብደት ገፋው። የእኛ ሕንፃ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ ገፊ ያስፈልገዋል።

ገፊውም በገበያ ሞልቷል። እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። እኔ በሁለተኛው ፎቅ ነዋሪ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ትንሽ የውሃ መግፊያ መኪና ገዝቼ፣ ማንንም ሳላማክር፣ ከዋናው ቧንቧ ላይ አስቀጠልሁ። ቤቴ በውሃ ረካ፤ ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወር ሳይሞላ ከፊት ለፊቴ ያለው ጎረቤት ከእኔ የበረታች መኪና ገዛ፤ የእኔይቱም ባዶ አየር እየሳበች ትጮኽ ጀመር። ከአንደኛው ፎቅም ሌላ ተጨመረ። በገንዘብ የበረታው እየጠጣ፣ ያልበረታው ቧንቧውን እያዳመጠ ተቀመጥን። ለካ የመምህርቷን ቧንቧ ካደረቁት ሰዎች አንዱ እኔ ኖሬአለሁ። ደግሞም ከቧንቧ ላይ በቀጥታ መሳብ ሌላ ጠንቅ አለው፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ሲያንስ፣ በስንጥቁ ሁሉ በአካባቢው ያለው ቈሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን የነገረኝ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የነገረኝም መኪናዋን ከገዛሁ በኋላ ነው።

አሁን አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ፤ እኔን በእጅጉ ያስገረመኝ ነውና። 50 ጀሪካን ውሃ፣ ይኸውም 1000 ሊትር፣ 12 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ኀይል፣ በመኪናዪቱ ውስጥ የሚባክነው ሁሉ ተጨምሮ፣ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ዐሥረኛው ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። እንግዲህ ምጣዱ ከጋለ በኋላ አንድ እንጀራ በሚበስልበት ኀይል 50 ጀሪካን ውሃ ዐራተኛ ፎቅ ይደርሳል ማለት ነው! ሃምሳ ጊዜ ተጐንብሶ፣ ሃምሳ ጊዜ ደረጃ ወጥቶ የሚፈጸመው ሥራ ዋጋው አንድ እንጀራ ነው። ታዲያ ይህን ያህል የረከሰ ነገር በእጃችን ሳለ፣ ለምን ያን ሁሉ ጊዜ ተሸከምን? የጐደለን መኪና አልነበረም፤ ሃያ ቤት በአንድ ቃል መስማማት ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቍጥር 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር፣ ደረጃውና ጣራው፣ ቅጥሩም የሁላችን እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ ማኅበሩም በወረቀት ነበረን። ነገር ግን በመጀመሪያው ስብሰባ ሰባት ሰዎች መጡ፤ በሁለተኛው አምስት። በሦስተኛው ብዙ ሰው ተገኘ፤ የተገኘውም ለመቃወም ነው። የምድር ቤቱ ነዋሪዎች፣ «ውሃ ሳይጐድልብን ስለ ምን እንከፍላለን?» አሉ። እውነት ለመናገር፣ ንግግራቸው ከሒሳብ አንጻር ስሕተት አልነበረበትም። እኔም መልስ አጣሁለት።

መልሱን የሰጡት የዕድራችን ገንዘብ ያዥ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ቀስ ብለው ተነሥተው፣ «በእኛ ዕድር ዘንድሮ ከቤቱ ሰው ያልሞተበት አባል ወርኀዊ መዋጮውን ይተዋልን?» ብለው ጠየቁ። «አይተውም» ተባለ። «ድንኳኑና ብረት ድስቱ የሚገዛው ባልሞተበት ሰው ገንዘብ ጭምር ነው፤ ሰው መቼ እንደሚሞትበት አያውቅምና። ጕልበትስ መቼ እንደሚከዳ የሚያውቅ አለን?» ብለው ተቀመጡ። ከምድር ቤት ነዋሪዎች አንዱ ሣቀና፣ «ጋሼ፣ ውሃውን ከቀብር አገናኙት» አለ። ሁሉም ሣቀ። ከሣቁ በኋላ ግን ክርክሩ ስለ መክፈል መሆኑ ቀርቶ ስለ አከፋፈል ሆነ።

እኔ በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት እፈልጋለሁ። ብዙ የተማረ ሰው ዕድርን ያለፈ ዘመን ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ተመልከቱ፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ የንብረት መዝገብ አለው፣ የቀረ አባል የሚቀጣበት ደንብ አለው፤ ሲኒው እንኳ ሲሰበር ማን እንደ ሰበረው ይታወቃል። እኛ በየቢሮአችን ቃለ ጉባኤ ስንጽፍ የምንውል ሰዎች፣ በምንኖርበት ሕንፃ ግን አንድ ገጽ ጽፈን አናውቅም ነበር። ጸሐፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ያለ ፈቃድ መኪና የተከለ ሰው ቅጣቱ ይህ ነው ተብሎ።

የተወሰነው እንዲህ ነው። ከዋናው ቧንቧ ላይ የተቀጠለው የግል መኪና ሁሉ ይነቀላል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ከምድር ቤቱ ጐን ይቀመጣል፤ ሌሊት በሚመጣው ውሃ በራሱ ይሞላል። አንዲት መኪና ከታንከሩ እየሳበች፣ ጧት አንድ ሰዓት ማታ አንድ ሰዓት፣ በየቤቱ ወዳለው ትንሽ ማጠራቀሚያ ትገፋለች። ሲካፈል ለአንድ ቤት 25 ጀሪካን ይደርሳል። ታንከሩን ከላይ ለመስቀል የፈለጉም ነበሩ፤ ነገር ግን 10,000 ሊትር ማለት 10,000 ኪሎ ነው፣ መሐንዲስ ሳይጠይቁ ከሰው ራስ በላይ የሚሰቀል ሸክም አይደለም። ታንከሩ ሁሉ ተሞልቶ ወደ ላይ ሲገፋ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል፣ ማለት ዐሥር እንጀራ የሚጋገርበት ነው። ይህም ሆኖ በማን ቈጣሪ ይሠራ በሚለው ብቻ ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብናል! በመጨረሻ የጋራ ቈጣሪ ተጠየቀ፤ መጣም።

ስለ ገንዘቡ አሰባሰብ የእጅ ስልክ ታላቅ ረዳት ሆነን። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውን ቴሌብርን ሁሉም ያውቀዋል፤ ገንዘብ ያዡ በየበሩ መዞር ቀረላቸው፣ ማን እንደ ከፈለ ደግሞ በሁሉ ስልክ ላይ በዚያው ሰዓት ይታያል። የውሃው ፈረቃ ሲለወጥም አንዱ የሰማውን በስልክ ለሃያው ቤት ይልካል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ነገር ግን ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ ሦስት ወር ያህል አለመክፈሏ በዚሁ ዝርዝር ላይ ታየ። በስልኩ ጉባኤ ላይ አንዱ ጻፈ፤ ሌላው ጨመረበት፤ አመሻሹ ላይ ቧንቧዋ ይዘጋ የሚል ቃል ተነሣ። እኔም ጸሐፊ ነኝና፣ ደንቡ ቅጣትን የሚፈቅድ መሆኑን ጽፌ ላክሁ። ደንቡን ስጠቅስ ትክክለኛ ሰው የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ገንዘብ ያዡ ግን በስልኩ ላይ ምንም አልመለሱም፤ በትራቸውን ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ወጡና በሩን አንኳኩ። ሴትዮዋ ታመው ከተኙ ሰንብተዋል፤ ልጃቸውም ሥራ ፈትቷል። ከእኔ በር እስከ እርሳቸው በር ያለው አንድ ፎቅ ብቻ ነው፤ እኔ ግን መዝገቡን እንጂ በሩን አላየሁትም ነበር። በማግሥቱ የሕንፃው ሴቶች ተራ ገብተው አጥሚት ይዘው ይወጡ ጀመር፤ የሦስቱንም ወር ገንዘብ ከመጠባበቂያው ሸፈንነው። ከዚያ በኋላ በደንቡ ላይ አንድ ዐንቀጽ ታከለ፤ ማንም ሰው ቅጣት ከመጻፉ አስቀድሞ፣ ሁለት ሰዎች በአካል ሄደው በሩን ያንኳኩ የሚል። ያን ዐንቀጽ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው።

እናንተም በየሕንፃችሁ ይህን ለማድረግ ብታስቡ፣ እኛ ከተሳሳትነው ጥቂቱን ልንገራችሁ። መኪናዪቱ ታንከሩ ባዶ ሳለ ብትሠራ ትቃጠላለች፤ የመጀመሪያዪቱን ያጣናት እንዲህ ነው፤ ውሃው ሲያልቅ በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ አስቀድማችሁ አስገጥሙ። ታንከሩ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም፣ ብርሃንም የማያሳልፍ ይሁን፤ አለዚያ አረንጓዴ ሽበት ያወጣል። በየጊዜው ታጥቦ በክሎሪን ይጽዳ፤ ያጠበውም ሰው ስሙና ቀኑ በደብተር ይጻፍ። ከየወሩ መዋጮ ላይ ጥቂቱ ለሚቀጥለው መኪና ይቀመጥ፤ የማያረጅ መኪና የለምና። የኤሌክትሪክ ኀይል በጠፋ ቀን ደግሞ የታንከሩ የታች ቧንቧ ይከፈታል፤ በዚያን ጊዜ ማን ለማን ተሸክሞ እንደሚያወጣ አስቀድሞ በስም መጻፍ አለበት። «ልጆቹ ያወጡላቸዋል» ተብሎ የታለፈ እንደ ሆነ፣ ማንም እንደማያወጣ በዐይናችን አይተናል። አሁን ለየአዛውንቱ ሁለት ሁለት ወጣት በስም ተመድቧል፤ ጀሪካኑም በበራቸው ሳይሆን ከማድ ቤታቸው ገብቶ ይቀመጣል።

የመኪናዪቱ ቤት ቍልፍ ዛሬ በመምህርቷ እጅ ነው። ሰዓት የሚያከብር ሰው ይያዘው ተብሎ ሲመረጥ፣ አርባ ዓመት ደወል ሲደወል ክፍል የገቡ ሰው ከእርሳቸው ሌላ አልተገኘም። በዐራተኛው ፎቅ የቡና ሽታ በሳምንት ሦስት ቀን ይሰማል።

በሚመጣው ወር የምንነጋገረው በቅጥሩ ውስጥ ስላለው የጋራ መገልገያ ቤት ነው። የተሠራው ለልብስ ማጠቢያ፣ በግ ለማረጃና ለኀዘን መቀመጫ ነበር፤ ዛሬ ግን ለሱቅ ዕቃ ማስቀመጫ ተከራይቷል። ኪራዩ ለማኅበሩ ጥቂት ገንዘብ ያስገባልና ይቅር የሚሉ አሉ፤ ኀዘን የደረሰበት ሰው ግን በደረጃው ላይ ድንኳን ሊተክል አይችልም። ቃለ ጉባኤውን አዘጋጅቻለሁ፤ ክርክሩ ከውሃው የሚበረታ ይመስለኛል።