የጣና ዓሣ፣ የጀልባ አያያዝና የደጋው አርሶ አደር ድርሻ
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ)



የዛሬው ርዕስ ሲነገራችሁ «እኛ የገብስና የድንች አገር ሰዎች ነን፤ ዓሣና ጀልባ ምናችን ነው?» ያላችሁ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ መሬት አንሶት ወደ ጣና ዳር ወርዶ ከጓደኞቹ ጋር ጀልባ ገዝቶ ለመሥራት የሚያስብ ልጅ ያላችሁ አላችሁ። ልጁ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት ማወቅ ይኖርባችኋል። ሁለተኛው፣ የጣና ዓሣ ከፊሉ የሚራባው በእኛው ወንዝ ነው። ይህን ገለጻ በዚህ ቅደም ተከተል እናየዋለን።

1. የጣና ዓሣና የጉማራ ወንዝ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግም አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ለገበያ የሚቀርቡት ዓሣዎች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ።

ቆሮሶ በሐይቁ ዳር በሣርና በደንገል መካከል ይራባል፤ እንስቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። አምባዛ ክረምት ሲገባ ውሃ በተኛበት ረግረግ ላይ ይጥላል። ነጭ ዓሣ ግን ከእነዚህ ይለያል። በጣና ከ15 በላይ የሚሆኑ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጠጠር ያለበት፣ ጥልቀት የሌለው፣ አየር ያለው ንጹሕ ውሃ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከሚወጡባቸው ወንዞች ዋና ዋናዎቹ ጉማራና ርብ ናቸው፤ ሁለቱም ከጉና ይነሳሉ።

የጋይንትና የስማዳ ውሃ በአብዛኛው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከጉና ምዕራባዊ ተዳፋትና ከእስቴ ከፊሉ ግን ወደ ጉማራ ገብቶ ጣና ይደርሳል። ርብ ላይ ግድብ ስለተሠራ ዓሣ ከግድቡ አልፎ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። በመሆኑም ጉማራ ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አለው።

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የጣና ዓሣ አጥማጅ ሥራው በደንገል ታንኳ ነበር፤ ከዳር ብዙም አይርቅም። ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ምርቱ ጨመረ፤ ነገር ግን መረቡ ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት በወንዝ አፍ ላይ ተጣለ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት ነጭ ዓሣ 75 በመቶ፣ ጫጩቶቹ ደግሞ 90 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። ላሟን ከነጥጃዋ አርዶ በሚቀጥለው ዓመት ወተት መጠበቅ እንደማይቻል ሁሉ፣ እንቁላል የተሸከመን ዓሣ በመንገዱ ላይ ጨርሶ ለከርሞ ዓሣ መጠበቅ አይቻልም።

2. የአጠማመድ ዘዴዎች

ሀ) መረብ፦ ከሰዓት በኋላ ይጣላል፤ በማለዳ ይነሳል። መረቡ ዓይኑ ሰፊ መሆን አለበት። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ያልደረሰውን ሁሉ ይጠርጋል። ተቆርጦ ሐይቅ ውስጥ የቀረ የናይለን መረብ ቶሎ ስለማይበሰብስ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል።

ለ) ባለ ብዙ መንጠቆ ገመድ፦ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ እየታሰረ ማታ ይዘረጋል። በተለይ ለአምባዛ ይስማማል።

ሐ) መንጠቆ እየጎተቱ ማጥመድ፦ ይህ ዘዴ በሌላው ዓለም በትልልቅ ሐይቆች ላይ የታወቀ ነው። በሰሜን አሜሪካ ዎልአይ የሚባለውን አዳኝ ዓሣ በዚህ ዘዴም ይይዙታል። ከጣና ነጭ ዓሣዎች መካከልም ትንንሽ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ በርካታ ዓይነቶች ስላሉ ዘዴውን በጥቂት ወጪ መሞከር ይቻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ዓሣ የሚመስል የሚያብለጨልጭ ብረት ከመንጠቆ ጋር ይታሰራል። ከጀልባው ኋላ ከ20 እስከ 40 ሜትር ገመድ ይለቀቃል። ጀልባው ሰው ቀስ ብሎ በእግሩ ሲራመድ የሚሄደውን ያህል ብቻ ይሄዳል። ጀልባው ሲፈጥን መንጠቆው ወደ ላይ ይነሳል፤ ሲዘገይ ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ ጀልባው ሲታጠፍ አስተውሉ። በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ያለው ገመድ ይዘገያል፣ ይሰምጣል፤ የውጭው ይፈጥናል። ዓሣ የያዘው የውስጡ ከሆነ ፍጥነት ቀንሱ፤ የውጭው ከሆነ ጨምሩ።

የዚህ ዘዴ ጥቅም ያልደረሰን ዓሣ በሕይወት መልሶ መልቀቅ መቻሉ ነው። ጉዳቱ በሞተር ከሆነ ነዳጅ መፍጀቱ ነው። በመቅዘፊያ ከተሠራ ግን ያ ወጪ የለም።

3. የጀልባና የሞተር አያያዝ

ጀልባ እንደ በሬ ነው፤ ካልተጠበቀ በሥራ ወቅት ይተኛል። የብዙ ማኅበራት ችግርም ከዓሣ ማነስ በፊት የሚጀምረው ከጥገና ጉድለት ነው።

• የደንገል ታንኳ፦ ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መቆም አለበት።
• የእንጨት ጀልባ፦ በየጊዜው ወደ ዳር ወጥቶ ይድረቅ። ስንጥቁ ይደፈን፤ ቀለም ይቀባ።
• የብረት ጀልባ፦ ዝገቱ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ።
• የፋይበር ጀልባ፦ ትንሽ ስንጥቅ ስትታይ ቶሎ ይጠገን፤ ውሃ ውስጡ ከገባ ጉዳቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ስለ ሞተር የሚከተሉትን ልብ በሉ።

ነዳጅና ዘይት፦ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ለሚሠራ ሞተር የተለመደው መጠን 50 ለ 1 ነው። ይህም ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ሞተሩ አዲስ ሲሆን የበለጠ ዘይት ሊፈልግ ይችላል፤ ሁልጊዜ የሞተሩን መመሪያ ተከተሉ። በግምት አትቀላቅሉ። ዘይት ሲያንስ ሞተሩ ይነክሳል፤ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። ቤንዚኑን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በማጣሪያ አሳልፉት።

ማቀዝቀዣ ውሃ፦ ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ይፈሳል። ያቺ ውሃ ከቆመች ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ብዙውን ጊዜ የውሃ መግቢያውን ላስቲክ፣ ሣር ወይም እምቦጭ ዘግቶት ነው። «ዳር ልድረስ» ብሎ መቀጠል ሞተሩን ያቃጥለዋል።

ፕሮፔለር፦ ቢያንስ በየ15 ቀኑ ፈትታችሁ እዩ። የናይለን ክር ተጠምጥሞ ጎማውን ይቆርጣል፤ ከዚያ ውሃ ወደ ማርሹ ይገባል። ክሩን አውጡ፤ ግራሶ ቀቡ።

የማርሽ ዘይት፦ ሲፈተሽ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ጎማው ሳይቀየር ሥራ አይወጣም። ዘይቱ የብረት ብናኝ ካለው ማርሹ እየተበላ ነው፤ መካኒክ ይየው።

ከሥራ ውጭ ሲሆን፦ ሞተሩ ለብዙ ሳምንት የሚቆም ከሆነ የነዳጅ ቧንቧው ይዘጋና በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ይሥራ። ከዚያ ቆሞ፣ ከፀሐይና ከዝናብ ተከልሎ ይቀመጥ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የመለወጫ ገንዘብም ከመጀመሪያው ቀን መቀመጥ አለበት። ለምሳሌ ሞተሩ 300,000 ብር ተገዛ እንበል። 5 ዓመት፣ በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 1,000 የሥራ ቀን ነው። እንግዲያው በየሥራ ቀኑ ትርፍ ከመከፋፈሉ በፊት 300 ብር ለሞተሩ ይቀመጣል። ይህን የማያደርግ ማኅበር የሚከፋፈለው ትርፍ ሳይሆን ሞተሩን ነው። ልጃችሁ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁት፤ «መዝገቡን ማን ይይዛል? የሞተሩ ገንዘብ የት ይቀመጣል?» በሉት።

4. የሕይወት ጥንቃቄ

ጣና ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ይቆማል። ነፋሱ የሚበረታው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነው። የደጋ ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋና አይችልም። ስለዚህ፦

• እያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፤ ጀልባው ወለል ላይ የተጣለ ጃኬት አያድንም።
• መቅዘፊያ፣ ውሃ መቅጃ፣ ገመድ፣ ትርፍ ካንዴላና መፍቻ ሳይያዝ አይወጣም።
• የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ዳር ለሚቀር ሰው ይነገር።
• ማዕበል ሲመጣ ጀልባውን ጎኑን ሳይሆን አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ አዙሩ፤ ፍጥነት ቀንሱ፤ ሰው ሁሉ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

5. ዓሣው ከተያዘ በኋላ

ዓሣ በሙቀት በጥቂት ሰዓት ይበላሻል። ጥላ ይደረግለት፤ ቶሎ ሆድ ዕቃው ይውጣ፤ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ በረዶ ካለ በበረዶ ይቀመጥ። በጾም ወራት ፈላጊው ስለሚበዛ ከነጋዴ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይጠቅማል።

6. የደጋው አርሶ አደር ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ጠጠር መካከል በሚጥልበት ወር እኛ ማሳችን ላይ ጎርፍ እንቀበላለን። ከማሳችን የታጠበው ደለል ጠጠሩን ሲሸፍነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ አንድ እርከን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አፈራችሁን ለእናንተ፣ ጠጠሩን ለዓሣው ያቆያል። የሚጠበቅብን የሚከተለው ነው።

• የእርከንና የክትር ጥገና ክረምት ሳይገባ፣ ከሰኔ በፊት ይጠናቀቅ።
• የወንዝ ዳር አይታረስ፤ ሣርና ዛፍ ይኑረው።
• ብርብራ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ መጨመር ይቅር። ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይጨርሳል።
• የፀረ ተባይ መርጫ ወንዝ ውስጥ አይታጠብ።
• ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በመረብ መዝጋት ይቅር።
• በበጋ በሞተር ፓምፕ ስናጠጣ ወንዙ ጨርሶ እንዳይቋረጥ ተራ እናውጣ። በኩሬ የቀሩት ጫጩቶች ወደ ሐይቁ የሚመለሱት በዚያ ውሃ ነው።
• ከወንዙ አሸዋና ጠጠር ማውጣት በቀበሌው በተወሰነ ቦታ ብቻ ይሁን።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣን በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ከልክሏል። ነገር ግን ሕግ አስከባሪ በየሸለቆው ሊቆም አይችልም። ወንዙን የሚጠብቀው የወንዙ ጎረቤት ነው።

7. ከእናንተ የሚነሱ ጥያቄዎች

«እኛ አፈር ብንጠብቅ የሚጠቀመው የታችኛው ሰው አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። የታችኛው ሰው ይጠቀማል፤ ይሁን እንጂ መጀመሪያ የሚቀረው አፈር የእናንተ ነው። ዓሣው ምርቃት ነው። ከዚህም በላይ ልጆቻችሁ ነገ የታችኛው ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

«ውሃችን ወደ በሽሎ ለሚሄደውስ?» ለምትሉ፣ የወንዝ ዓሣ በበሽሎና በዓባይም አለ። ብርብራና ደለል እዚያም ያው ጉዳት ያደርሳሉ።

ከዚህ ስትመለሱ ሁለት ነገር እንድትሠሩ እንጠይቃለን። እያንዳንዳችሁ በልማት ቡድናችሁ ውስጥ ላሉ አርሶ አደሮች የብርብራውንና የመርጫውን ጉዳይ በመጀመሪያው ስብሰባ አስረዱ። ወደ ጣና ሊወርድ ያሰበ ወጣት ካለ ደግሞ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስቱን ጠይቁት፤ የጥገና መዝገብ፣ የሞተር መለወጫ ቁጠባና የሕይወት አድን ጃኬት። ሦስቱን ካሟላ መርቃችሁ ሸኙት።