የኅዳር ሥራ በሐምሌ ይያዛል

ሐምሌ ሲገባ ጅማ ቀዝቀዝ ትላለች። ትምህርት ይዘጋል፤ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያሉ ምግብ ቤቶችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ደንበኛ ይሳሳባቸዋል። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ አካባቢ ያሉ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችም ጭር ይላሉ። የማድረቂያ አልጋው ባዶ ነው፤ ከጥበቃው በቀር ሰው አይታይም። ላየው ሰው፣ ክረምት ለቡና ድርጅት ሥራ የሌለበት ወቅት ይመስላል።

አድማጮቻችን፣ የኅዳሩ ሥራ የሚቃናውም የሚበላሸውም ግን በእነዚህ የዝናብ ወራት ነው።

በጅማና በዙሪያዋ ለቀማው እንደየቦታው ከፍታ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይጀምርና እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንዴም እስከ ጥር ይዘልቃል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ያ እሸት ደግሞ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ በጆንያ ታጉሮ ካደረ ይቦካል፤ የቦካው ጣዕም ከዚያ በኋላ በምንም ውኃ አይለቅም። ስለዚህ መኪናው ከመሸ ቢደርስም ሚዛኑ ላይ ሰው፣ መፈልፈያው ላይ ኦፕሬተር፣ ገንዳው ዘንድ አጣቢ መኖር አለበት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሴቶች አልጋው ዳር ቆመው የተሰበረውንና የተበሳውን ፍሬ ይለቅማሉ። ከመካከላቸው አንዱ ከጎደለ የሁሉም ሥራ ይጓተታል።

ኦፕሬተሩን ብቻ እንኳ እንመልከት። የመፈልፈያው ዲስክ ከልክ በላይ ከጠበቀ ፍሬውን ይቆርጠዋል፤ ከላላ ደግሞ እሸቱ ከነቆዳው ያልፋል። ልምድ ያለው ሰው ይህን በድምፁ ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ሰው በጥር አሰናብቶ በጥቅምት መፈለግ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሰውን ለማቆየት አንዱ መንገድ ዕረፍቱን በክረምት መስጠት ነው፤ ሕጉም ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ይሰጣል፤ ለተጨማሪ ሁለት ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። አሠሪው ፈቃዱን የሚሰጠው ሥራው በማይጓደልበት መንገድ በወጣ ፕሮግራም ነው። ሥራ ካስገደደ ፈቃድ ሊተላለፍ ይችላል፤ ሆኖም ከሁለት ዓመት በላይ አይገፋም። በለቀማ ወቅት የተከለከለ ዕረፍት በክረምት ካልተሰጠ እንግዲህ መቼ ሊሰጥ ነው?

ሁሉም ባንድ ጊዜ ይውጣ ማለት ግን አይደለም። ቡናችን ከሚሄድባቸው አገሮች አንዷ በሆነችው በጣሊያን፣ ፌራጎስቶ የሚባለው በዓል በሚውልበት ነሐሴ 9 አካባቢ ፋብሪካና ሱቅ ተዘግቶ ሠራተኛው በጅምላ ለዕረፍት ይወጣል። የጅማ ክረምት ለዚህ አይመችም። ማጠቢያ ጣቢያው ባዶ ሲሆን እርሻው ሥራ በዝቶበታል፤ የቡና ችግኝ የሚተከለው ሰኔና ሐምሌ ነው፤ አረሙም በዝናቡ ይፈላል። የእርሻ ሠራተኛውና የማጠቢያው ሠራተኛ በአንድ የፈቃድ ፕሮግራም ሊመሩ አይችሉም። ኦፕሬተሩ ሰኔ ላይ ቢያርፍ፣ ነሐሴ ላይ ተመልሶ ዲስኩንና ሞተሩን ይፈትሻል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ ሰኔ 30 የሚዘጋውን የበጀት ዓመት ሒሳብ አጠናቃ ነሐሴን ብታርፍ ይሻላል።

የጎደለውን እጅ ለመሙላት ብዙዎች ዓይናቸውን የሚጥሉት ትምህርት በተዘጋላቸው ልጆች ላይ ነው። ለተማሪው ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ ይሆነዋል፤ ለድርጅቱም የአርሶ አደሮችን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ሰው ይገኛል። ገደቡ ግን ይከበር፦ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ የትርፍ ሰዓትና የሌሊት ሥራም አይፈቀድለትም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ይህ እጅ እንደሚሄድ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል፤ ለቀማው የሚደርሰው ያኔ ነውና።

በጥንቃቄ መሥራት ምን እንደሚያስገኝ የአጋሮ አካባቢ አርሶ አደሮች አሳይተዋል። የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን በዝቅተኛ ደረጃ፣ ሳይታጠብ በርካሽ የሚሸጥ ነበር። በጎማ ወረዳ በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ማጠቢያ ጣቢያ ተክሎ ሥራ በጀመረ በሁለት ዓመቱ፣ በ2012፣ በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉም መሬቱም የድሮው ነው፤ የተለወጠው ቡናው ከተለቀመ በኋላ ያለው አያያዝ ነው፤ አያያዝ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።

ያንን ሰው ለማቆየት ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ መክፈል ግዴታ አይደለም። አዋጁ በየዓመቱ ለሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ውል መዋዋልን ይፈቅዳል። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከዳውሮ ለለቀማ የሚመጣው ሠራተኛ የራሱ ማሳ አለው፤ መቼ እንደሚፈለግ አስቀድሞ ካላወቀ ጊዜውን ሊያመቻች አይችልም። አምና አልጋው ዳር ቆማ ቡና ስትለቅም የከረመችው ሴትም እንዲሁ ናት። ጣቢያው በነሐሴ ደውሎ ሥራው የሚጀመርበትን ሳምንትና የቀን ክፍያውን ይንገራት፤ ልጇን ማን ዘንድ እንደምታቆይ፣ ሌላ ሥራ ትያዝ አትያዝ የምትወስነው በዚያው ወር ነው።