ከድንጋዩ ጋር የመጡ እንግዶች

(በልደታ፣ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ሰዓት የተደረገ ንግግር)



 አንዳንዶቻችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የንግግሩን ርእስ አንብባችሁ «ደግሞ ከድንጋይ ጋር የሚመጣ እንግዳ ምን ዓይነት ነው?» ብላችሁ መሳቃችሁን ሰምተናል። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ኖሮ እኛም አብረናችሁ እንስቅ ነበር። ዛሬ ግን የቆምነው አንድ ስሕተታችንን ልንናዘዝና ከስሕተቱ ያገኘነውን ትምህርት ልናካፍላችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክበባችን አባላት ገንዘብ አዋጥተን አንድ የመስተዋት ገንዳ አሠራንና ጥቂት ትናንሽ ዓሦች አኖርንበት። ገንዳው ባዶ መስሎ ስለ ታየን፣ ወደ ዝዋይ የሄዱ ሁለት ጓደኞቻችን ከሐይቁ ዳር ቀዳዳ የበዛባቸው ድንጋዮችና አንድ እቅፍ የውኃ ተክል በባልዲ ይዘውልን መጡ። ሁሉም ሰው አደነቀው። በሳምንቱ ግን በመስተዋቱ ላይ እኛ ያላስገባናቸው ቀንድ አውጣዎች መሄድ ጀመሩ። ከድንጋዩ ቀዳዳ አንድ አልቅት ብቅ አለ። አንድ የውኃ ተርብ እጭ ደግሞ ከዓሣ ጫጩቶቻችን አንዱን ይዞ ሲበላ አየነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሏል ይህ ነው!

ያን ጊዜ ያደረግነውን ለመናገር እናፍራለን። ግማሹን ውኃ ከነቀንድ አውጣው ከሕንፃው ጀርባ ባለው ቦይ ውስጥ ደፋነው። ተክሉንም እዚያው ጣልነው። አንድ በቤተ ሙከራ ብዙ ዘመን የሠሩ አዛውንት ሲያልፉ ባልዲውን አይተው «ልጆቼ፤ ውኃውን የት ነው የደፋችሁት?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር። መልሱን ስንነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። የዛሬው ንግግራችን በሙሉ የተወለደው ከዚያ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ በእኛ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን እንግለጽ። በውጭ አገር የጨው ውኃ ገንዳ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች «ሕያው ድንጋይ» የሚሉት ነገር አለ። ይህ ድንጋይ በእውነቱ የሞተ ኮራል አጽም ነው። ቀዳዳ ስለ በዛበት በውስጡና በላዩ እጅግ ብዙ ባክቴሪያ ይኖራል። ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትራፊ የሚወጣውን መርዛማ አሞንያ እነዚህ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት ይለውጡታል። ሰዎቹ ድንጋዩን የሚገዙት ስለዚህ ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ከባሕር ሲወጣ በቀዳዳው የተደበቀው ሁሉ አብሮ ይወጣል።

ከተደበቁት ውስጥ ጥቂቶቹን እንጥቀስ። ባለጸጉር ትል አለ፤ ሲያዩት ያስፈራል፣ በባዶ እጅ ቢነኩት ጸጉሩ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል፤ ሆኖም አብዛኛው ዝርያ የወደቀ ምግብ እየለቀመ ገንዳውን የሚያጸዳ ታታሪ ነው። አይፕታሲያ የሚባል አበባ የመሰለ ትንሽ እንስሳም አለ፤ መልኩ ያማረ ነው፤ ግን ጎረቤቶቹን ይናደፋል፤ ሊነቅሉት ሲሞክሩም የቀረችው ቁራጭ ሌላ አይፕታሲያ ትሆናለች። ማንቲስ ሽሪምፕ ደግሞ እንደ መዶሻ በሚመታ ክንዱ የቀንድ አውጣና የሸርጣን ቅርፊት ይሰብራል። በዚያው ድንጋይ ውስጥ ሌላ ሽሪምፕ ጣቱን እንደሚያጮህ ሰው ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፤ ባለቤቱ ድምፁን ሰምቶ ገዳዩ ይህ ነው ብሎ ይፈርድበታል፤ እርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ ጋር በሰላም የሚኖር ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መልከ ጥፉው ትል ይረዳል፤ መልከ መልካሙ «አበባ» ያጠፋል፤ ጩኸት የሚያሰማውም ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች አዲሱን ድንጋይ በቀጥታ ወደ ገንዳው አያገቡትም። ለብቻው በሌላ ዕቃ ውስጥ ለአራት ወይም ለስድስት ሳምንታት ያቆዩታል። ብዙዎቹ እንስሳት ቀይ ብርሃን ስለማያስደነግጣቸው፣ በሌሊት በቀይ ባትሪ ያዩታል። ጠላቱን ለይተው በወረንጦ ወይም ምግብ ባለበት ወጥመድ ያወጡታል፤ ወዳጁን ይተዉታል። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም አላቸው፤ የባሕር ድንጋይ ፈጽሞ አይቀቀልም። በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ፓሊቶዋ የሚባል ፍጥረት እጅግ ኃይለኛ መርዝ አለው። እንዲህ ያለውን ድንጋይ ቀቅለው እንፋሎቱን የተነፈሱ ሰዎች ከነቤተሰባቸው ሐኪም ቤት ገብተዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ገንዳ እንመለስ። የእኛ ውኃ ጨው የለውም፤ ባሕርም ከእኛ ሩቅ ነው። ነገር ግን ሕጉ አንድ ነው። አዛውንቱ የተረፉትን ቀንድ አውጣዎች በጓንት አንሥተው እንዴት እንደሚለዩ አሳዩን። የቅርፊቱን ሹል ጫፍ ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ያዙት። አፉ በስተቀኝ ከሆነ ሊምኒያ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ወገን የሆኑ አንዳንዶቹ ከብትና በግ የሚያከሳውን የጉበት ትል ያሳድጋሉ። አፉ በስተግራ ከሆነ ቡሊነስ ወይም ፊዛ ሊሆን ይችላል። ፊዛ የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ ከውኃ ተክልና ከዓሣ ንግድ ጋር ዓለምን የዞረ፣ ሰውን የማይጎዳ መንገደኛ ነው። ቡሊነስ ግን የሽንት ፊኛን የሚያጠቃውን ቢልሃርዚያ ያስተላልፋል። ሹል ጫፍ የሌለው፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ የሆነው ደግሞ ባዮምፋላሪያ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳውን ቢልሃርዚያ ያሳድጋል። ከእኛ ገንዳ ከተገኙት ውስጥ ሁለቱ ጠፍጣፎች ነበሩ።

አንዳንዶቻችሁ በሽታው እንዴት እንደሚዘዋወር ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቁት ግን ባጭሩ እንናገር። ከታመመ ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር የወጣው እንቁላል ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣውን ፈልጎ ይገባበታል፤ በውስጡም ይራባል። ከሳምንታት በኋላ ጅራት ያላቸው እጮች በብዛት ወደ ውኃው ይወጣሉ። እነዚህም የሚዋኘውን ልጅ ወይም ልብስ የምታጥበውን እናት ቆዳ በስተው ይገባሉ። በመጠጣት ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስተውል፤ እግርን መንከር ይበቃል።

አዛውንቱ ሁለቱን ቀንድ አውጣዎች ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ አድርገው ለጥቂት ሰዓታት በብርሃን አቆዩአቸው፤ ውኃውንም በማይክሮስኮፕ አዩት። እጭ አልታየም። እኛም በደስታ ልናጨበጭብ ስንል «ቆዩ!» አሉን። ቀንድ አውጣው ከተያዘ በኋላ እጭ ማውጣት እስኪጀምር አንድ ወር ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬ አልወጣም ማለት የለበትም ማለት አይደለም። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር እንደሚባለው ነው።

ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፤ አሁን «ውኃውን የት ደፋችሁት?» ወደሚለው ጥያቄ ደርሰናል። እኛ የደፋነው በአንድ ቦይ ነበር። የዚህ ሰፈር ቦይ ግን መጨረሻ አይደለም። ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፤ ትንሹ አቃቂ ከትልቁ ጋር በአባ ሳሙኤል ይገናኛል፤ ከዚያም ውኃው ወደ አዋሽ ይሄዳል። በዚያ መንገድ ሁሉ ልብስ የሚያጥብ፣ ከብት የሚያጠጣ፣ ጎመን የሚያለማ ሰው አለ። እኛ በአንድ ባልዲ የገላገልነውን ነገር ሌላው ሰው ሳያውቅ ሊቀበለው ይችላል።

ይህን ማጋነን የሚመስለው ሰው ቢኖር ሁለት ምሳሌ እንስጠው። አንደኛው እምቦጭ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ ተክል በሐምራዊ አበባው ውበት ምክንያት ሰው በእጁ ከአገር ወደ አገር አዞረው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስንት ገበሬ፣ ስንት ተማሪ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል እንደ ዋለ ሁላችን እናውቃለን። ሁለተኛው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የሚባለው የእስያ ወባ ትንኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በቀብሪ ደሀር ተገኘ። ይህ ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አይሻም፤ በከተማ በርሜል፣ በውኃ ማጠራቀሚያና በግንባታ ቦታ ጉድጓድ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወራት ወባ በተነሣ ጊዜ የተደረገው ጥናት ወረርሽኙን ከዚህ ትንኝ ጋር አያይዞታል፤ ከታመሙትም መካከል እንደ እኛ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ።

ይህ የተሰበሰብንበት ልደታ ጄት አውሮፕላኖች በቦሌ ማረፍ ሳይጀምሩ የአዲስ አበባ አየር ማረፊያ የነበረበት ሰፈር ነው። ብዙ እንግዳ በዚህ ገብቷል። እንግዳውን ሰው አበባ ይዞ ይቀበለዋል፤ በጓዙ ውስጥ የተደበቀውን እንግዳ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ለማስተዋል ደግሞ ከራሳችን ወገን ትልቅ አብነት አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው አየ። ብዙ ሰው አልፎት የሄደውን እርሱ ቆሞ ጠየቀ፤ ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በሙከራ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ወደ ገንዳችሁ አትጨምሩት።

ከዚህ በኋላ በክበባችን የተስማማንባቸውን ደንቦች እናንብብ።

1ኛ/ ከሐይቅና ከወንዝ የመጣ ድንጋይ፣ ተክል ወይም ዓሣ በቀጥታ ወደ ገንዳ አይገባም፤ ለብቻው ቢያንስ ለአራት ሳምንታት ይቆያል። የቀንድ አውጣ እንቁላል በቅጠል ሥር እንደ ዝልግልግ ጠብታ ስለሚጣበቅ ቅጠሉ እየተገለበጠ ይታያል።

2ኛ/ የሐይቅ ድንጋይ የፈላ ውኃ ይፈስበታል። ፀሐይ ላይ ማድረቅ ብቻ አይበቃም፤ ቀንድ አውጣው በቅርፊቱ ተሸሽጎ ለሳምንታት ያለ ውኃ ሊቆይ ይችላልና። ከባሕር የመጣ ድንጋይ ግን ከላይ እንደ ገለጽነው የፈላ ውኃ አይነካውም።

3ኛ/ ምንነቱ ያልታወቀ ውኃ በባዶ እጅ አይነካም። ከቀንድ አውጣው የወጣ እጭ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቀን በላይ ስለማይቆይ፣ ቀንድ አውጣው ተለቅሞ ውኃው ሁለት ቀን ይቀመጣል።

4ኛ/ የገንዳ ውኃ ወደ ቦይና ወደ ወንዝ አይደፋም። ከቦይ በራቀ ደረቅ አፈር ላይ ይፈስሳል። ተክሉ ደርቆ ይቃጠላል፤ ቀንድ አውጣው በፈላ ውኃ ይገደላል።

5ኛ/ ያላወቁትን ፍጥረት ለመግደልም ለመልቀቅም አይቸኮልም። መጀመሪያ ይታያል፤ ይሣላል፤ ለሚያውቅ ሰው ይቀርባል።

ወደ ቦይ የደፋነውን ለመመለስ አልቻልንም። በማግስቱ ጓንት አድርገን፣ ወንፊት ይዘን ቦዩን ስንፈትሽ ተክሉንና አሥራ አንድ ቀንድ አውጣዎች ለቀምን። ስንት እንደ ነበሩ ግን ስላልቆጠርን አሥራ አንዱ ሁሉም ይሁኑ ግማሹ ልንነግራችሁ አንችልም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ይህ አለመቁጠራችን ነው። የተማረ ሰው ከመድፋቱ በፊት ይቆጥራል፤ ከመቁጠሩም በፊት ያያል።

ገንዳው አሁንም በክፍላችን ጥግ ቆሟል። ከአጠገቡ አንድ ሌላ ሳፋ አለ፤ አዲስ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይቆያል። የፈለጋችሁ ሁሉ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ኑ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከእናንተም መካከል በየቤታችሁ ዓሣ የምታኖሩ ካላችሁ ዛሬ ማታ ስትገቡ አንድ ጊዜ መስተዋቱን ቀረብ ብላችሁ እንድታዩ እንለምናለን።