ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም
(ኮልፌ ላይ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ኮልፌ ደጋ ናት፤ ወባ አይራባባትም። በ1950/51 ዓ.ም. ግን ወባ በአገራችን 150,000 ያህል ሰው ፈጅታለች።

የባላገሩን መድኃኒት የምንፈትነው እንዲህ ነው፤ በወባ ተሐዋሲ ለተለከፉ አይጦች ከቅጠሉ የተዘጋጀው አራት ቀን ይሰጣቸዋል፤ በአምስተኛው ቀን በደማቸው የቀረው ተሐዋሲ በማይክሮስኮፕ ይቈጠራል። ብሳና በዚህ ፈተና ቍጥሩን ቀንሷል። ነገር ግን አይጥ ሰው አይደለም፤ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1964 ዓ.ም. የአርቲሚሲያን ኃይል ያገኙት ማፍላቱን ትተው በዝቅተኛ ሙቀት ሲያወጡት ነው። እንግዲህ ለዕረፍት አገራችን ስንገባ፣ የመድኃኒት አዋቂውን «ይፈላል ወይስ ይጨመቃል? ርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ፤ አስፈቅደንም በስማቸው እንመዝግብ። ያልተጻፈ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።